ራሳቸው ይበላሉ፦ 10 ከ10

አንዲት ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ ካለች ቆየች። ቁጥሯ 10 ናት። የተጻፈችው በስትሮክ ምክንያት ቀኝ ጎናቸው በዛለ አንዲት እናት ቅጽ ላይ፣ «መመገብ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ነው። ሙሉ ነጥብ ናት፤ ያለማንም እርዳታ ራሳቸው ይበላሉ ማለት ነው። ያለ ምክንያትም አልተጻፈችም። በሕክምናው ክፍል እናትየው ዳቦ በግራ እጃቸው ይዘው በልተዋል፣ ሻዩንም ሳያፈሱ ጠጥተዋል። ቤታቸው ሲኬድ ግን ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ስታጎርሳቸው ተገኘች። «እማዬ ራሷ መብላት አትችልም» አለች ቀና ሳትል። እናትየው ጉርሻውን እያኘኩ ዝም አሉ።

ቅጹ አልዋሸም። ልጅቷም አልዋሸችም። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚችልም የማይችልም የሚሆነው እንዴት ነው? እዚህ ጥያቄ ላይ ደጋግሜ እመለሳለሁ። ምክንያቱም ከስትሮክ በኋላ የሰውን የዕለት ኑሮ የሚወስነው ነገር አብዛኛው የተደበቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ቅጹ ምን ይጠይቃል?

ቅጹ የባርቴል መለኪያ ይባላል፤ ሰው የዕለት ኑሮውን ምን ያህል ራሱን ችሎ እንደሚያከናውን የሚለካ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የታተመ፣ ዛሬም በብዙ አገር የሚሠራበት ቅጽ ነው። 10 ጥያቄ አለው፤ ድምሩ ከ100 ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር 15፣ በእግር መሄድ 15፤ መመገብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ሽንትን መቆጣጠር፣ ሰገራን መቆጣጠርና ደረጃ መውጣት እያንዳንዳቸው 10፤ ገላ መታጠብና ፊትን፣ ጥርስን፣ ፀጉርን መጠበቅ 5፣ 5። ቀላል ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፣ መሣሪያ አይፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1988 የአሞላሉ መመሪያ ተሻሽሎ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ሐሳብ ተቀምጦበታል፦ የሚመዘገበው ሰውዬው የሚያደርገው ነገር እንጂ ቢሞክር ሊያደርግ የሚችለው አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ ብሎ ቅጽ የሚሞላ ሰው ይህን መጠበቅ ይከብደዋል። የሚያየው የሚቻለውን ነው። ዳቦ ይሰጣል፣ ይበላል፤ «ተነሥ» ይላል፣ ይነሣል። የሚደረገው ያለው ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታይም።

የሚቻለው ነገር ልክ ምን ላይ እንደሚቆም በመጠኑ ቀድሞ ይታወቃል። የደረሰው ጉዳት ስፋት፣ ዕድሜ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይደገፉ ቁጭ ማለት መቻል፣ ሽንትን መቆጣጠር፣ ጣትን ትንሽም ቢሆን መዘርጋት፤ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። አብዛኛው የአካል መሻሻል የሚታየውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ይህን ሐኪሙ ያውቀዋል፣ እኔም እዚህ አላረዝመውም። እኔን የሚያሳስበኝ እጁ እየቻለ የማይሠራው፣ እግሩ እየቻለ የማይሄደው ሰው ነው።

ግራ እጅ

መልሱ እስኪገኝ ጊዜ የወሰደው ከባድ ስለነበረ አይደለም፤ እናትየውን የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ልጅቷ «አትችልም» ብላ ደምድማለች። ባለሙያው ወገን ደግሞ «ችለው ሳለ ተዉት፣ ቤተሰቡ አሞላቀቃቸው» ብሎ ደምድሟል። በመጨረሻ ጥያቄው ለራሳቸው ቀረበ። «እማማ፣ ሲኒውን በግራዎ ያነሣሉ። እንጀራውን ምነው ተዉት?» ትሪውን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚህ እጄ? ልጆቼ በሚበሉበት ገበታ ላይ?» አሉ።

ለእኛ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ቀኝ እጅ የገበታ ነው፣ ግራው ለመታጠብ ነው። ቀኙ ሲዝል ግን ሁለቱም ሥራ ባንድ እጅ ላይ ይወድቃል፤ ሽንት ቤት ያጸዳው እጅ ተመልሶ ትሪው ላይ ሊቀርብ ነው። በሕክምናው ክፍል ዳቦው የብቻቸው ነበር፣ ሳህኑም የብቻቸው። አብሮ የሚቆርስ ሰው አልነበረም። ፈተናው የእጅ ፈተና ነበር፤ ቤት ውስጥ የገጠማቸው የይሉኝታ ፈተና ነው። ለእሱ ነጥብ የሚሰጥ ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲረዳ ቶሎ የሚመጣለት መፍትሔ የተለየ ሳህን ማቅረብ ነው። በእኔ ግምት ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» በሚባልበት አገር፣ ከትሪው ተነጥሎ የሚቀመጥ ሳህን ለታማሚው የሚነግረው ነገር አለ። ምግቡን ሳይነኩት የሚመልሱ፣ «አላሰኘኝም» የሚሉ፣ ቀስ በቀስ ክብደታቸው የሚቀንስ ታማሚዎች አሉ። በየቤቱ ምክንያቱ ይህ ነው ማለቴ አይደለም፤ የመዋጥ ችግርም፣ ድብርትም፣ የአፍ ውስጥ ቁስልም ሊሆን ይችላል። መዋጥን በተመለከተ ውሃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ወይም ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ የሚል ከሆነ ገበታው ይቆይና መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ምግብ ወደ ሳንባ ከገባ የሚያመጣው የሳንባ ምች ይገድላል።

የሚሠራው ነገር እጁን ከጥርጣሬ ነጻ ማውጣት ነው፤ ይህ የሚጀምረው ደግሞ ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ውሃ በጎማ ወይም በሚረጭ ነገር የሚመጣ ከሆነ እጅ መንካት አይኖርበትም። ያ ከሌለ እጀታው ረዘም ያለ ስፖንጅ ለዚህ ብቻ ይመደብ። ገበታ ሲቀርብ እጅ የሚታጠበው በሳሙና፣ ሁሉም ባለበት ይሁን። አንድ እጅ ራሱን እንዴት ይታጠባል? የዛለው እጅ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ጭናቸው ላይ ወይም ሳፋው ውስጥ ይቀመጣል፤ ጤነኛው እጅ ሳሙናውን እዚያ መዳፍ ላይ ያሻል። ሁለቱም ይታጠባሉ። የዛለውም እጅ ሥራ አገኘ፣ ተነካ፣ ታየ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሰው ከባለሙያ የሚሰማው ነገር አይበቃውም። ቄሱ ወይም ሼኩ ቤት ድረስ መጥተው «ለታመመ ሰው በግራ መብላት ነውርም ኃጢአትም አይደለም» ቢሉ፣ እኛ ከምንሰጠው አሥር ማብራሪያ በላይ ይሠራል። ጠያቂ ሆነው መምጣታቸው ስለማይቀር ይህችን ቃል እንዲናገሩ መለመን ጥሩ ነው።

ጉርሻ

ስለ ጉርሻ ክፉ መናገር ይከብደኛል። ታሞ የተኛን ሰው ማጉረስ ፍቅር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሆኖም በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ለወራት ሲደጋገም የዛለውን እጅ ሥራ ፈት ያደርገዋል። ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን በጦጣዎች ላይ ሲያጠና ነበር። የአንድ እጃቸው የስሜት ነርቭ የተቆረጠ ጦጣዎች ማንቀሳቀስ እየቻሉ እንኳ ያንን እጅ ይተዉታል። መጀመሪያ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ በሌላው እጅ ሲሞክሩ ሆነላቸው፤ ከዚያ የታመመውን ረሱት። ጤነኛው እጅ ሲታሰር ግን የተረሳው ተመልሶ ሠራ።

ከዚያ የተወለደው ሕክምና 222 ሰዎች በተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ተሞክሯል። ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው ሰዎች ለ2 ሳምንት፣ ከነቁበት ሰዓት 90 በመቶውን ጤነኛ እጃቸው ላይ ወፍራም ጓንት አድርገው የታመመውን ሲያሠሩ፣ የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ይህን የሚያነብ ቤተሰብ ተነሥቶ የእናቱን እጅ እንዳያስር አደራ። ሕክምናው የሚሆነው አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን ጥቂትም ቢሆን ወደ ላይ ማንሣት ለሚችሉ ሰዎች ነው። ምንም የማይንቀሳቀስ እጅ ያለውን ሰው ሌላውን ማሰር ማለት ሁለቱንም እጅ መንጠቅ ነው፤ በከዘራ የሚሄድ ሰውን ደግሞ ከዘራውን የያዘበትን እጅ አስሮ ማስኬድ መጣል ነው።

የድግግሞሹ ቁጥርም ያስገርማል። በአሜሪካና በካናዳ 7 ቦታዎች 312 የሕክምና ክፍለ ጊዜዎች ታይተው፣ እጅን ለቁም ነገር የማንቀሳቀስ ልምምድ በአንድ ክፍለ ጊዜ በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በእንስሳት ላይ አንጎልን የቀየረው ልምምድ ግን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ነው። እንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ የሚሄድ ሰው ቀሪውን ከየት ያመጣዋል? ከቤቱ ነው። ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ልብስ ማጠፍ፣ ሲኒ ከረከቦት ማንሣትና መመለስ፤ እነዚህ መቶን በቀላሉ ያልፋሉ፣ ትርጉምም አላቸው። የዛለው እጅ ሽንኩርቱን ይያዝ፣ ጤነኛው ይላጥ። መያዝም ሥራ ነው።

ስለዚህ ለልጅቷ «አታጉርሻቸው» ማለት አይበቃም። እርዳታው የት ቦታ እንደሚገባ ማሳየት ያስፈልጋል። እጅጌ ማስገባትን እንውሰድ። ሸሚዙ ጭናቸው ላይ ይዘረጋል፤ የዛለው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ እጅጌው እስከ ትከሻ ይሳባል፤ ከዚያ በጀርባ ዞሮ ጤነኛው ይገባል። ሲያወልቁ ግልባጩ ነው፣ ጤነኛው ቀድሞ ይወጣል። ከእነዚህ ደረጃዎች የሚያቅታቸው አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በጀርባ ማዞሩ ነው። ያንን አንዱን አግዞ ሌላውን መጠበቅ ነው። መጠበቁ ግን ከባድ ነው። አንዲት ቁልፍ ለመቆለፍ ሁለት ደቂቃ ሲፈጅ ማየት፣ ታክሲ በር ላይ ቆሞ ሲጠራ፣ ትዕግሥትን ይፈትናል። ስለዚህ ራሳቸው እንዲለብሱ የሚተወው ምንም በማያስቸኩልበት ቀን ቢሆን ይሻላል። በቀጠሮ ቀን አልብሷቸው፤ ኃጢአት የለውም።

ወንበሩ፣ መቀነቱ፣ ሽንት ቤቱ

ፎቴ ጠላት ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ለስላሳና ዝቅ ያለ በመሆኑ ታማሚውን እዚያ ማስቀመጥ ክብር ይመስላል። ነገር ግን ዳሌ ከጉልበት በታች ሲሰምጥ፣ የዛለ እግር ያለው ሰው ራሱን ችሎ መነሣት አይችልም። ሁለት ሰው ይጎትተዋል። በጠንካራ፣ የእጅ መደገፊያ ባለው፣ ከመሬት ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ወንበር ላይ ያው ሰው ብቻውን ሊነሣ ይችላል። ወደ ወንበሩ ጫፍ መጠጋት፣ ሁለቱን እግር ከጉልበት ኋላ መሳብ፣ አፍንጫ ከእግር ጣት አልፎ እስኪሄድ ወደ ፊት ማጎንበስ፣ ከዚያ መነሣት። ሰው የሚወድቀው ሦስተኛውን ሲዘል፣ ቀጥ ብሎ ለመነሣት ሲሞክር ነው፤ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሲያነሡ ብብት ስር ገብቶ መሸከም ወይም የዛለውን እጅ መጎተት ፈጽሞ መቅረት አለበት። የዛለ ትከሻ በጡንቻ አልተያዘም፤ ሲጎተት ከቦታው ይንሸራተታል፣ ያማል። ትከሻው ያመመው ሰው ማታ አይተኛም፣ ጠዋት ልምምድ አይሠራም፣ ሸሚዝ ሲለብስ ይጮኻል። ከዚያ ቤተሰቡ «ተወው» ይላል። መያዣው ወገብ ነው። ጠበቅ ብሎ የታጠቁት መቀነት ወይም ሰፊ ቀበቶ ጥሩ እጀታ ነው፤ አጋዡ በደከመው ጎን ቆሞ ከኋላ ይይዘዋል። ከዘራ የሚያዘው በጤነኛው እጅ ነው፤ ቁመቱ እጅ ቀጥ ብሎ ሲወርድ እስከ አንጓ ነው። ከዘራው ይቀድማል፣ የዛለው እግር ይከተላል፣ ጤነኛው ይጨርሳል።

ሽንት ቤቱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሰዎች የሚያፍሩበት ቦታ ስለሆነ የማይወራለት ነው። ባርቴል ለደረጃ 10 ነጥብ ይሰጣል። አንድ ፎቅ በሌለው ግቢ ለሚኖር ሰው ደረጃ መውጣት ባይችልም የሚጎድልበት የለም። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥና መነሣት ግን በየቀኑ ያስፈልገዋል፤ ይህን ማንም አይጠይቀውም። ጉልበት ሙሉ በሙሉ ታጥፎ፣ ሚዛን ጠብቆ፣ ባንድ እግር ጉልበት መነሣት ለዛለ ሰው አይሆንም። መሐሉ የተቀደደ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል። የፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ ሲቀደድ ደግሞ ይደክማል፣ ይሰበራል። የእንጨት ወይም የብረት ይሻላል። ሌላው የሚረሳ ነገር እጅ ነው። ግድግዳ ላይ የተመታ ብረት ይዞ የተቀመጠ ሰው አንዱ እጁ ብረቱን እንደያዘ ነው፤ በምን ይታጠባል? ስለዚህ ወንበሩ መደገፊያ ያለው መሆን አለበት፤ ሰውዬው ሳይዝ ቁጭ ማለት ሲችል እጁ ነጻ ይወጣል።

ሽንት ቤቱ ከቤቱ ራቅ ካለ የሚከተለውን አስቡት። ማታ ላለመውጣት ሲሉ ከሰዓት ጀምሮ ውሃ ይተዋሉ። ከዚያ ድርቀት ይመጣል። የባሰው ደግሞ የደም ግፊት ኪኒናቸው የሚያሸና ከሆነ እሱንም በዝምታ ይተዉታል። ሰው «መድኃኒቱን ረሳ» ይላል፤ አልረሳም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ግን የተደበቀው የሽንት ቤቱ መንገድ ነው። ኪኒኑ በጠዋት ቢወሰድ፣ አልጋው ሥር ፖፖ ቢኖር፣ በቀን በየ2 ሰዓቱ ስሜቱ ሳይመጣም ቢሸኑ ብዙው ይቃለላል። መድኃኒቱ ይቀየር የሚል ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ማቆም ግን ሁለተኛ ስትሮክ መጥራት ነው።

በዓይን የማይታየው

ድካሙን ያልቀመሰ ሰው አይረዳውም። ፊት ከመታጠብ በኋላ መተኛት የሚፈልግ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ የተጎዳ አንጎል ትንሹን ሥራ በትልቅ ወጪ ነው የሚሠራው። ጠያቂ ደግሞ ይበዛል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ቡና ይፈላል፣ አምስት ሰው አንድ ላይ ያወራል። ማታ እግራቸው ቢከዳቸው «ባሰባቸው» ተብሎ ይለቀሳል። የጠያቂው ሰዓት ቢወሰን፣ ከባዱ ሥራ፣ ማለት ገላ መታጠብና ልምምድ፣ በጠዋት ቢደረግ፣ በመሐል ግማሽ ሰዓት ዕረፍት ቢኖር ያው ሰው ማታም ይራመዳል። ንግግር የከበደው ሰው ካለ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ያውራ፤ ሬዲዮው ይጥፋ።

ከ3 ሰው 1 ያህሉ ከስትሮክ በኋላ ድብርት ይይዘዋል። እንባ ከታየ ይታወቃል፤ ዝምታ ከሆነ ግን «እርጅና ነው» ይባላል። «ለምን ልምምድ አይሠሩም?» ከመባሉ በፊት ይህ ይጠየቅ፤ ሕክምና አለው።

ግራ ጎናቸው የዛለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አንዳንዶቹ ግራውን ዓለም ራሱን ይረሱታል። ከትሪው የቀኙን ወገን ብቻ በልተው «ወጥ አለቀ» ይላሉ፤ በሩን በግራ ትከሻ ይገጩታል። ዓይናቸው ጤነኛ ነው። ትሪውን ማዞር ለዕለቱ ይረዳል። ለነገ የሚረዳው ግን ወጡን በግራ አስቀምጦ፣ በግራ ቁጭ ብሎ፣ እንዲፈልጉት መጥራት ነው።

ቤተሰብን ማሠልጠን

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ቤተሰብ ቢማር ነገሩ ይስተካከላል የሚል ይመስላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ አስብ ነበር። ሕንድ ውስጥ በ14 ሆስፒታሎች 1250 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ግን ቤተሰብን አሠልጥኖ በቤት ውስጥ ማገገሚያ ማሠራት ከ6 ወር በኋላ ሞትንም ሆነ ጥገኝነትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ይህን ማለፍ ቅንነት አይሆንም።

ደጋግሜ ሳስበው ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው፣ የአንጎል ጉዳት በሥልጠና የማይገፋ ድንበር አለው፤ ለዚያ ቤተሰቡን መውቀስ ግፍ ነው። እናቷ ያልተሻላት ልጅ «በደንብ ባላሠራት ነው» ብላ ስታዝን መስማት ያማል። ሁለተኛው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት መስጠትና አንድን ቤት ገብቶ አይቶ የጎደለውን አንድ ነገር መፈለግ ይለያያሉ። ለእናትየው ስለ እጅ ልምምድ ሰፊ ሥልጠና ቢሰጥ ኖሮ ልጅቷ ማጉረሷን አትተውም ነበር። ችግሩ እዚያ አልነበረምና።

እዚያ ቤት በመጨረሻ የተደረገው ይህ ነው። እጅ ማስታጠቢያው መጀመሪያ ለእናትየው ይቀርባል። ልጅቷ እንጀራውን በወጥ ጠቅልላ፣ በልክ በልክ ቆርጣ፣ በትሪው ላይ በእናቷ ፊት ትደረድራለች። ያ ወገን የእሳቸው ነው፤ ትሪው ግን አንድ ነው። እሳቸው በግራቸው እያነሡ ይበላሉ። መቁረስ ስለሌለ እጃቸው ወደ መሐል አይዘረጋም፣ ይሉኝታውም ቀለለ። የዛለው ቀኝ እጃቸው ከጭናቸው ተነሥቶ የትሪውን ጠርዝ ይዞ ይቀመጣል።

ቅጹ እንደገና ተሞላ። መቁረጥ የሚታገዝለት ሰው በባርቴል ሕግ 10 አያገኝም። «መመገብ» ከሚለው ፊት 5 ተጻፈ።